ሠራተኛ ኃላፊውን የሚያበቃበት አሠራር፦ ምንነቱ፣ ጥቅሙና አተገባበሩ

በመሥሪያ ቤቶችና በድርጅቶች ሥልጠናና ምክር በአብዛኛው የሚሰጠው ከኃላፊ ወደ ሠራተኛ ነው። ኃላፊው ያቅዳል፣ ይመራል፣ ይመዝናል፤ ሠራተኛው ደግሞ ይማራል ተብሎ ይታሰባል። ይሁን እንጂ በየዕለቱ ተገልጋይን የሚያስተናግደው፣ ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ወይም መዝገብ የሚይዘው ሠራተኛ ኃላፊው የማያውቃቸውን ብዙ ነገሮች ያውቃል። ይህ ዕውቀት ወደ ኃላፊው ሳይደርስ ሲቀር ውሳኔዎች በሪፖርት ላይ ብቻ ይመሠረታሉ፤ ጉዳቱም በመጨረሻ የሚያርፈው በተገልጋዩ ላይ ነው። ተገልጋዩ ይመላለሳል፣ ሰልፉ ይረዝማል፣ ባለሙያውም የሚያውቀውን ሳይናገር ዓመታት ያልፋሉ።

ይህ ጽሑፍ ሠራተኞች የሥራ ኃላፊዎቻቸውን የሚያበቁበትን አሠራር ምንነት፣ በኢትዮጵያና በዓለም ያለውን ተሞክሮ፣ የአተገባበር ደረጃዎቹን እንዲሁም ለሠራተኛው የተደረገውን የሕግ ጥበቃ ያብራራል። ጽሑፉ ለሠራተኞች፣ ለኃላፊዎች፣ ለሥራ ፈላጊዎችና ለተገልጋዮች የተዘጋጀ ነው።

የአሠራሩ ምንነት

ማብቃት ወይም በተለምዶ «ኮቺንግ» የሚባለው አንድ ሰው የተወሰነ ክህሎት እንዲይዝ ሌላው አጠገቡ ሆኖ የሚያሳይበት፣ የሚጠይቅበትና የሚያለማምድበት የመማማሪያ ዘዴ ነው። ከመደበኛ ሥልጠና የሚለየው በሥራው ላይ እያሉ፣ በአጭር ጊዜና በአንድ ጉዳይ ላይ ተወስኖ የሚካሄድ በመሆኑ ነው። አብቂው ሠራተኛ፣ የሚበቃው ደግሞ ኃላፊ ሲሆን የሥልጣን ተዋረዱ ባለበት ይቆያል። ኃላፊው ኃላፊ ነው፤ ሠራተኛውም ሠራተኛ ነው። የሚለወጠው በተመረጠው ጉዳይ ላይ ማን ያስተምራል፣ ማን ይማራል የሚለው ብቻ ነው።

በዚህ መንገድ የሚተላለፉ ክህሎቶች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው የቴክኖሎጂ ክህሎት ነው፤ አዲስ የመረጃ ሥርዓት፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ወይም የዲጂታል አገልግሎት አጠቃቀም በዚህ ውስጥ ይካተታል። ሁለተኛው የሥራ ሂደት ዕውቀት ነው፤ አንድ ጉዳይ በየትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደሚዘገይ፣ የትኛው ቅጽ ተገልጋይን እንደሚያደናግር ማወቅን ይመለከታል። ሦስተኛው የአመራር ሁኔታ ነው፤ የኃላፊው የስብሰባ አመራር፣ የሥራ ክፍፍልና የመመሪያ አሰጣጥ በሠራተኛው ዘንድ እንዴት እንደሚታይ ማሳወቅ ማለት ነው። ከሦስቱ እጅግ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የመጨረሻው ነው።

ከግምገማና ከቅሬታ የሚለይበት

በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች ስለ ኃላፊዎቻቸው አስተያየት የሚሰጡበት መድረክ አዲስ አይደለም። ግምገማ በስፋት የታወቀ አሠራር ሲሆን በመድረኩ የኃላፊው ጥንካሬና ድክመት በሌሎች ፊት ይነገራል። ግምገማ የሚመለከተው ያለፈውን ሥራ ነው፤ ውጤቱም ፍርድ ነው። ማብቃት ግን የሚመለከተው ገና የሚሠራውን ሥራ ነው፤ ውጤቱም ክህሎት ነው። ግምገማ በጉባኤ ይካሄዳል፤ ማብቃት ግን በሁለት ሰዎች መካከል ይካሄዳል።

ማብቃት ከቅሬታም ይለያል። ቅሬታ መብት ተጓድሏል ብሎ ውሳኔ የሚጠየቅበት ሥርዓት ስለሆነ የራሱ አካሄድና ጥበቃ አለው። በደል የደረሰበት ሠራተኛ «ኃላፊህን አብቃው» ተብሎ ሊመለስ አይገባም። በአንጻሩ የኃላፊው የክህሎት ክፍተት ብቻ የሆነ ጉዳይ ወደ ቅሬታ ማምራት አይኖርበትም። ሦስቱ ሲቀላቀሉ ሠራተኛው የሚናገረው ሁሉ በኋላ በማን ላይ ለምን እንደሚውል ስለማያውቅ ዝምታን ይመርጣል። ስለዚህ የአሠራሩ ዋነኛ መርሕ ማብቃትን ከምዘናና ከቅሬታ ለይቶ መያዝ ነው።

በኢትዮጵያ ያለው መሠረት

«እረኛ ምን አለ?» የሚለው አባባል ቀደምት ነገሥታትና መኳንንት ከሕዝቡ መካከል በዕድሜም በማዕረግም ዝቅ ያለው እረኛ ስለ አስተዳደራቸው ምን እንደሚል ይጠይቁ እንደነበር የሚነገር ትውፊትን ይዟል። በትውፊቱ ውስጥ ጠያቂው ባለሥልጣኑ ራሱ ነው። በሌላ በኩል «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት የበላይን መናገር የማይሞከር ነገር አድርጎ ያሳያል። በዛሬዎቹ የሥራ ቦታዎችም ሁለቱ አመለካከቶች ጎን ለጎን ይታያሉ። የትኛው እንደሚያይል የሚወስነው በአብዛኛው ኃላፊው መጠየቁና አለመጠየቁ ነው።

በጎንደር ከተማ ለዚህ ቅርበት ያለው ተቋማዊ ተሞክሮ የሚገኘው በጤና ትምህርት ዘርፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመውና የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር። ሠልጣኞቹ በሙያ ተለያይተው ሳይሆን በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያዎች ይላኩ ነበር። እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ አስተባባሪው ስለ ምንጭ ውኃ አጠባበቅና ስለ መጸዳጃ ቤት አሠራር ከአካባቢ ጤና ባለሙያው፣ ስለ እናቶችና ሕፃናት ክትትል ደግሞ ከነርሷ መስማት ይኖርበታል። የቡድን ሥልጠናው ዋና ትምህርት ቡድን መምራት ሁሉን ማወቅ ማለት አለመሆኑ ነው።

በአገር አቀፍ ደረጃ ደግሞ ካይዘን ተጠቃሽ ነው። ካይዘን ቀጣይነት ያለው መሻሻል የሚል ትርጉም ያለው የጃፓን የሥራ አመራር ፍልስፍና ነው። ኢትዮጵያ ከጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ (ጃይካ) ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በ30 ኢንዱስትሪዎች የሙከራ ትግበራ አካሂዳለች፤ እ.ኤ.አ. በ2011ም የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። ተቋሙ በአሁኑ ጊዜ የካይዘን ልህቀት ማዕከል በሚል ስያሜ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥር ይገኛል። በካይዘን ሠራተኞች በልማት ቡድን ተደራጅተው በራሳቸው የሥራ ቦታ ያለውን ብክነት ይለያሉ፣ ምክንያቱን ይመረምራሉ፣ መፍትሔውን ለኃላፊው ያቀርባሉ። ኃላፊውም በቢሮው ሆኖ ሪፖርት ከመጠበቅ ይልቅ ወደ ሥራው ቦታ ወርዶ እንዲያይ ይጠበቅበታል። ስለሆነም በካይዘን ውስጥ ያለፈ ተቋም ሠራተኛ ኃላፊውን የሚያበቃበትን አሠራር ለመጀመር የሚያስፈልገው ግማሹ መሠረት አለው ማለት ይቻላል።

ከዓለም የተገኙ ተሞክሮዎች

የጃፓኑ ቶዮታ ኩባንያ የሠራተኞች የፈጠራ ሐሳብ ማቅረቢያ ሥርዓትን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። የመገጣጠሚያ ሠራተኛው ችግር ሲያይ የምርት መስመሩን ለማስቆም የሚያስችል ገመድ እንዲኖረው መደረጉም የዚሁ አስተሳሰብ ውጤት ነው። ገመዱ ሲሳብ የቡድን መሪው ወደ ሠራተኛው ይመጣል፤ ችግሩንም ከሠራተኛው ይረዳል።

በአሜሪካ የጀነራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ጃክ ዌልች እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ 500 የሚሆኑ ከፍተኛ ኃላፊዎች ስለ ኢንተርኔት ከወጣት ሠራተኞች እንዲማሩ አድርገዋል፤ እርሳቸውም ከተማሪዎቹ አንዱ ነበሩ። አሠራሩ ተቀባይነት እንዲያገኝ ከረዱት ነገሮች አንዱ መማር ከላይኛው ኃላፊ መጀመሩ ነው።

በሕክምናው ዘርፍ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ያደረገው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር ይጠቀሳል። በዝርዝሩ መሠረት ቀዶ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የቡድኑ አባላት ስማቸውንና ድርሻቸውን ይናገራሉ፤ ነርሶችና የማደንዘዣ ባለሙያዎችም ስጋታቸውን እንዲገልጹ ይጠየቃሉ። የታንዛንያዋን ኢፋካራ ጨምሮ በስምንት ከተሞች በሚገኙ ሆስፒታሎች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት ዝርዝሩ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የሞት መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። የዝርዝሩ ይዘት ሰፊ በመሆኑ ለውጡን በአንድ ምክንያት ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ይሁንና ዝቅ ያለ ደረጃ ያለው ባለሙያ እንዲናገር በሥርዓት መጠየቁ ከዝርዝሩ መሠረታዊ ክፍሎች አንዱ ነው።

ለሠራተኛውና ለኃላፊው የሚሰጠው ጥቅም

ኃላፊው የሚያገኘው ጥቅም ግልጽ ነው፤ የጎደለውን ክህሎት ያሟላል፣ ውሳኔውም በሥራው እውነታ ላይ ይመሠረታል። በአንጻሩ የሠራተኛው ጥቅም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አንድ ሰው የሚያውቀውን ለሌላ ለማስረዳት ሲዘጋጅ ሥራውን በደረጃ ከፋፍሎ ያያል፣ በልምድ ብቻ የሚሠራውን ምክንያቱን ይጠይቃል፣ ሐሳቡን በአጭሩ መግለጽን ይለማመዳል። እነዚህ ለነገው ቡድን መሪ የሚያስፈልጉ ችሎታዎች ናቸው። ኃላፊውም በዚሁ አጋጣሚ በዕለት ሪፖርት ውስጥ የማይታየውን የሠራተኛውን ተሰጥኦ ያያል።

ለተቋሙ ደግሞ ዕውቀት በአንድ ሰው ላይ ብቻ እንዳይቀር ይረዳል። ነባሩ ሠራተኛ በጡረታ ወይም በዝውውር ሲሄድ አብሮት የሚሄደው ዕውቀት ቀላል አይደለም። በሰሜን ጎንደር የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን መንገዶችና የዋልያን መዋያ የሚያውቅ ስካውት፣ በጎንደር ከተማም በኖራ ማጣበቂያ የተሠራን ጥንታዊ ግንብ መጠገን የሚያውቅ ግንበኛ የያዙት ሙያ በመመሪያ መጽሐፍ ተሟልቶ የሚገኝ አይደለም። ለቦታው አዲስ የሆነ ኃላፊ ይህን ከእነርሱ በሥርዓት መማሩ ለሥራውም ለቅርሱም ይበጃል።

የአተገባበር ደረጃዎች

አሠራሩን መጀመር የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ወይም ድርጅት የሚከተሉትን ደረጃዎች ሊከተል ይችላል።

1. ጥያቄው ከኃላፊው ይምጣ። ሠራተኛው ራሱን አስተማሪ አድርጎ እንዲያቀርብ መጠበቅ ተገቢ አይደለም። ኃላፊው «ይህን ሥርዓት አንቺ ከእኔ በተሻለ ታውቂዋለሽ፤ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ልታሳዪኝ ትችያለሽ?» ብሎ ሲጠይቅ ለሠራተኛዋ ፈቃድም ክብርም ይሰጣል።

2. አንድ ጠባብ ጉዳይ ይመረጥ። «አመራርን ማሻሻል» የሚል ሰፊ ርዕስ ውጤቱ አይለካም። «የሳምንቱን የጉዳዮች ዝርዝር ከኮምፒውተር ላይ ራስን ችሎ ማውጣት» የሚል ግን ይለካል።

3. ጊዜውና ቦታው ይወሰን። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከ30 ደቂቃ ያልበለጠ ጊዜ ለመነሻ በቂ ነው። ጊዜው ከሠራተኛው መደበኛ የሥራ ሰዓት የሚታሰብ እንጂ ተጨማሪ ሸክም የሚሆን መሆን የለበትም።

4. የምስጢር ስምምነት ይደረግ። በመማማሪያው ወቅት የተነገረ ነገር በሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ እንደማይውል ሁለቱም አስቀድመው ይስማሙ። ስምምነቱን የሰው ሀብት ክፍል ቢያውቀው ይመረጣል።

5. ኃላፊው በእጁ ይሥራ። ሠራተኛው ሁሉንም ራሱ ሠርቶ ካሳየ ኃላፊው ተመልካች ብቻ ይሆናል። «ይፍቀዱልኝና መጀመሪያ እርስዎ ይሞክሩት፤ እኔ አጠገብዎ ሆኜ አያለሁ» የሚል አነጋገር ክብርን ሳያጓድል ሥራውን ለተማሪው ይሰጣል።

6. በጥያቄ መምራት ይለመድ። በተለይ ስለ አመራር ሁኔታ ሲነሳ «ይህ ስህተት ነው» ከማለት ይልቅ «ትናንት መመሪያው ከተሰጠ በኋላ ሁለት ሰዎች አንድ ሥራ ይዘው ተገኝተዋል፤ የሥራ ክፍፍሉ በጽሑፍ ቢሆን ምን ይመስልዎታል?» ማለት ይመረጣል። የታየ ነገርን መግለጽ በሰውየው ላይ ከመፍረድ ይለያል።

7. ውጤቱ ይታይ፣ አስተዋጽኦውም ይታወቅ። በመጨረሻ ኃላፊው የተማረውን ሠርቶ ያሳያል። የሠራተኛው ድርሻም በስሙ ይመዝገብ፤ ለዕድገትና ለሥልጠና ዕጩ ሲመረጥም ይታሰብ።

ማሳያ

የሚከተለው ምሳሌ አሠራሩን ለማብራራት ብቻ የቀረበ ነው። በማራኪ ክፍለ ከተማ አገልግሎት የሚሰጥ አንድ ጽሕፈት ቤት አለ እንበል። የኃላፊው ወርኃዊ ሪፖርት ስንት ተገልጋይ እንደተስተናገደ ያሳያል፤ ስንት ተገልጋይ ጉዳዩ ሳያልቅ እንደተመለሰ ግን አያሳይም። በመስኮቱ ላይ የምትሠራው ባለሙያ አብዛኞቹ ተመላሾች የሚጎድላቸው አንድ ዓይነት ማስረጃ መሆኑን፣ በግድግዳ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያም ይህን ማስረጃ እንደማይጠቅስ ታውቃለች። እስካሁን የጠየቃት ስለሌለ አልተናገረችም።

ኃላፊው የመስተንግዶውን ሂደት እንድታሳየው ይጠይቃታል። በመጀመሪያው ሳምንት አጠገቧ ተቀምጦ ያያል፤ በሁለተኛው እርሱ ተገልጋይ ሲያስተናግድ እርሷ ታያለች፤ በሦስተኛው የተመላሾችን ምክንያት አብረው በአንድ ገጽ ይመዘግባሉ። በአራተኛው ማስታወቂያው ተስተካክሎ ይለጠፋል። ኃላፊው የመስኮቱን ሥራና የመረጃ ሥርዓቱን ያውቃል፤ ባለሙያዋ ችግርን በማስረጃ አደራጅቶ ማቅረብን ትማራለች፤ ከርቀት የመጣው ተገልጋይም ለአንድ ወረቀት ሲል ዳግም አይመላለስም።

ሊያጋጥሙ የሚችሉ እንቅፋቶች

የመጀመሪያው እንቅፋት ፍርሃት ነው። ሠራተኛው «ነገ ይቆጠርብኛል» ብሎ ይሰጋል፤ ኃላፊው ደግሞ «አያውቅም እባላለሁ» ብሎ ያፍራል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው አባባል ማዕረግ ዕውቀትን እንደማይተካ ያስታውሳል። ኃላፊው መማሩን በግልጽ መናገሩ ፍርሃቱን ከሁለቱም ወገን ያቀልላል።

ሁለተኛው እንቅፋት አሠራሩ ለይስሙላ መካሄዱ ነው። ቅጽ ተሞልቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ሪፖርት ተልኮ ነገር ግን የተለወጠ ነገር ከሌለ ሠራተኛው ሁለተኛ አይሞክርም። ከብዙ ጥንዶች ይልቅ በሁለት ወይም በሦስት ጥንድ መጀመርና ውጤቱን ማየት ይሻላል።

ሦስተኛው ቅርበትን ለጥቅም ማዋል ነው። ኃላፊውን የሚያበቃ ሠራተኛ ከሌሎች የተለየ ሞገስ ያገኛል የሚል ጥርጣሬ እንዳይፈጠር የመምረጫው መስፈርት ክህሎት መሆኑ ለሁሉም ይገለጽ፤ ዕድሉም ለተለያዩ ሠራተኞች ይዳረስ። ሴት ሠራተኞችና አዲስ ተቀጣሪዎች ከዕድሉ ውጭ እንዳይሆኑ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

የሕግ ጥበቃ

ሠራተኛ ኃላፊውን የሚያበቃበት አሠራር በፈቃደኝነት የሚካሄድ እንጂ ሕጋዊ ግዴታ አይደለም። ሠራተኛው ሐሳብ በመስጠቱ ጉዳት ቢደርስበት ግን ያለ ጥበቃ አይቀርም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 26 ሠራተኛው በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ወይም በክስ ሂደት ተካፋይ መሆኑ የሥራ ውልን ለማቋረጥ ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን ደንግጓል። በአዋጁ የሚሸፈን ሠራተኛ አቤቱታውን ለሠራተኛ ማኅበሩ፣ በአካባቢው ላለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ወይም ሥልጣን ላለው የሥራ ክርክር ሰሚ አካል ማቅረብ ይችላል።

የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በፌዴራል ወይም በክልል የመንግሥት ሠራተኞች ሕጎች ነው። ቅሬታቸውንም በቅድሚያ በመሥሪያ ቤታቸው ላለው የቅሬታ ሰሚ አካል ያቀርባሉ። በአስተዳደር በደል ደርሶብኛል የሚል ማንኛውም ዜጋ ለኢትዮጵያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ማቅረብ ይችላል።

ለተገልጋዮች

የአገልግሎት ጥራት በመስኮት ላይ በሚቀመጠው ባለሙያ ትጋት ብቻ አይወሰንም። ባለሙያው የሚያውቀው ነገር ወደ ወሳኙ ሰው መድረሱም የዚያኑ ያህል ይወስነዋል። ተገልጋዮች በአስተያየት መስጫ መዝገብና ሣጥን ላይ «አገልግሎቱ መጥፎ ነው» ብቻ ብለው ከመጻፍ ይልቅ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ደረጃ፣ በምን ምክንያት እንደተመለሱ ቢገልጹ ሠራተኛው ለኃላፊው የሚያሳየው ተጨባጭ ማስረጃ ያገኛል። ጥሩ አገልግሎት የሰጠ ባለሙያንም በሥራው ለይቶ መጥቀስ ክህሎቱ እንዲታወቅ ይረዳል።

አሠራሩን ለመጀመር የተለየ በጀት ወይም አዲስ መዋቅር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በሳምንት ግማሽ ሰዓት፣ በአንድ ጉዳይ ላይ የሚደረግ ስምምነትና «አሳየኝ» ለማለት የፈቀደ ኃላፊ ነው። ስለ ካይዘንና ስለ ሥራ ላይ ክህሎት ማሻሻያ ተጨማሪ መረጃ የሚፈልጉ ዜጎችና ድርጅቶች በአቅራቢያቸው ወደሚገኘው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ወይም የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋም መሄድ ይችላሉ።